ባለ ድርብ መስታወት መስኮት፦ በቤት የሚጠገነውና የማይጠገነው ብልሽት

ባለ ድርብ መስታወት መስኮት ችግር ሲያሳይ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ መስኮቱን እንዳለ አስነቅሎ በአዲስ ያስለውጣል፣ ወይ ባገኘው ክፍተት ሁሉ ሲሊኮን እየሞላ ዓመታት ይገፋል። ሁለቱም የሚመጡት መስኮቱን እንደ አንድ ወጥ ዕቃ ከመቁጠር ነው። መስኮቱ ግን የሦስት ነገሮች ስብስብ ነው። የመጀመሪያው ከግድግዳው ጋር የታሰረውና በላዩ የሚከፈተው ፍሬም ነው። ሁለተኛው ፋብሪካ ውስጥ ታሽጎ መጥቶ ፍሬሙ ላይ የተቀመጠው የመስታወት ጥንድ ነው። ሦስተኛው ማጠፊያው፣ እጀታው፣ መቆለፊያውና የጠርዙ ጎማ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ የየራሳቸው ዕድሜና የየራሳቸው ደካማ ጎን ስላላቸው፣ አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹን አብሮ መጣል አያስፈልግም። የመስታወቱ ጥንድ በመካከሉ እርጥበት ከገባበት ቤት ውስጥ አይጠገንም፤ በሌላ ጥንድ ይተካል። ከዚህ በቀር ያለው ብልሽት ከሞላ ጎደል ሁሉ በትዕግሥትና በጥቂት መሣሪያ የሚስተካከል ነው።

ስለዚህ የጥገናው ግማሽ ሥራ ብልሽቱ ከሦስቱ በየትኛው ላይ እንዳለ መለየት ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ ከምንም በላይ የሚረዳው ውኃ ነው፤ ውኃው የት እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ በጥንቃቄ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ባለሙያ ሳይጠራ ችግሩን ይደርስበታል።

የጥንዱ አሠራር

ሁለት መስታወቶችን በመካከላቸው አየር ትቶ የማሸግ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ቶማስ ስቴትሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1865 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ጥንድ እያንዳንዳቸው 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያላቸው ሁለት መስታወቶች ሲኖሩት፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ክፍተቱን የሚጠብቀው በዙሪያው የሚዞር ክፍት ሆድ ያለው ቀጭን ዘንግ ነው፤ በቀደሙት መስኮቶች ላይ ከአሉሚኒየም፣ በአዳዲሶቹ ላይ ሙቀትን እምብዛም ከማያስተላልፍ ፕላስቲክ ነክ ነገር ይሠራል። በዘንጉ ሆድ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሞላሉ። ዘንጉ ከሁለቱ መስታወቶች ጋር የሚያያዘው በሁለት ረድፍ ማሸጊያ ነው፤ የውስጠኛው ረድፍ እንፋሎት እንዳያልፍ የሚከለክል ቡቲል የተባለ ተለጣፊ ጎማ ሲሆን፣ የውጭው ረድፍ መስታወቶቹን አጥብቆ የሚይዝ ጠንካራ ማሸጊያ ነው።

ክፍተቱ ውስጥ ያለው ደረቅ አየር ወይም አርገን የተባለው ጋዝ ነው። አርገን ከምንተነፍሰው አየር አንድ በመቶ ያህል ድርሻ ያለው፣ ሽታም ጉዳትም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ሙቀትን የማስተላለፍ ዐቅሙ ከአየር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ከዚህ በተጨማሪ በብዙ ዘመናዊ ጥንዶች ላይ ከመስታወቶቹ የአንደኛው ውስጠኛ ገጽ በዓይን የማይለይ ስስ የብረታ ብረት ሽፋን ይቀባል፤ ሽፋኑ የሙቀት ጨረርን ወደ መጣበት ይመልሳል። የእነዚህ ነገሮች ድምር ውጤት በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በውስጥና በውጭ መካከል በሚኖረው በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ ነጠላ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 5.8 ዋት ሙቀት ያሳልፋል፤ ሽፋን የሌለው ድርብ መስታወት ወደ 2.8፤ ሽፋንና አርገን ያለው ደግሞ ወደ 1.1 ወይም 1.2 ዋት።

ይህ ቁጥር ለጥገናም ይጠቅማል። ውጭው 0 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ የነጠላ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ወደ 5 ዲግሪ፣ የተራው ድርብ መስታወት ወደ 13፣ የዘመናዊው ወደ 17 ዲግሪ ይሆናል። በሌላ በኩል 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው የክፍል አየር ከ9 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ገጽ ላይ ጤዛ መጣል ይጀምራል፤ እርጥበቱ 70 በመቶ ከደረሰ ግን ከ14 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ገጽ ላይም ይጥላል። እንግዲህ መስታወቱ የሚያልበው እሱ ስለተበላሸ ሳይሆን ክፍሉ ስለረጠበ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጤዛው የት ነው ያለው?

በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ የሚታይ፣ በጣት ሲነካ የሚያረጥብና በጨርቅ የሚጠረግ ውኃ የመስታወት ብልሽት አይደለም። ምግብ ሲበስል፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ሰው ገላውን ሲታጠብና በዝግ ክፍል ሲተኛ የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ አጥቶ ቀዝቃዛውን ገጽ ሲያገኝ ይጤዛል። በተለይ በታችኛው ጠርዝ ላይ ቀድሞ ይታያል፤ የአሉሚኒየሙ ዘንግ ሙቀትን ስለሚያሾልክ ጠርዙ ከመሐሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘው አየርም ወደ ታች ይወርዳል። መፍትሔው እንፋሎቱን ከምንጩ ማስወጣት፣ ክፍሉን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ማናፈስና ወፍራም መጋረጃ መስታወቱን ከክፍሉ ሙቀት እንዳይለየው ማድረግ ነው። አሮጌ፣ ነፋስ የሚያስገባ መስኮት በአዲስ ከተተካ በኋላ ቤቱ ማላብ ቢጀምርም አያስገርምም፤ እንፋሎቱን ሳይታወቅ ያስወጣ የነበረው ያ ነፋስ ነበረና።

በውጭው ገጽ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ጤዛ ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል እንጂ መልካም ምልክት ነው። የክፍሉ ሙቀት ወደ ውጭው መስታወት ስላልደረሰ መስታወቱ በሌሊት ከአየሩ ይልቅ ቀዝቅዟል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል፣ ምንም ሊደረግለትም አያስፈልግም።

በሁለቱ መስታወቶች መካከል የሚታየው፣ ከውስጥም ከውጭም ቢጠረግ የማይነቃነቀው ጉም ወይም ጠብታ ግን ማሸጊያው እንደተከፈተ የሚያሳይ ነው። ጉሙ መጀመሪያ ላይ በቀዝቃዛ ጠዋት ብቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ በዚህ ጊዜ ዘንጉ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ገና እርጥበት የሚመጥጡበት ትንሽ ቦታ ቀርቷቸዋል። እነሱ ሙሉ በሙሉ ሲጠግቡ ጉሙ አይለቅም፤ እየቆየም ውኃው የመስታወቱን ገጽ ስለሚበላው፣ ቢደርቅ እንኳ የማይለቅ ነጭ አሻራ ይተዋል።

ማሸጊያው ለምን ይከፈታል? ዋናው ምክንያት የማያቋርጥ መወጠርና መኮማተር ነው። የታሸገ ጋዝ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በሦስት በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ፀሐይ በቀን የሚያገኘው መስታወት ሙቀቱ ከዚህ በብዙ ዕጥፍ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ጥንዱ ልክ እንደ ሳንባ ቀን ይነፋል፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ የጠርዙ ማሸጊያም በየቀኑ ይሳባል። በደንብ ተሠርቶ በደንብ የተገጠመ ጥንድ ይህን ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊችለው ይችላል። ቶሎ የሚሞተው ጥንድ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ታችኛው ጠርዙ በውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ሲኖር ነው። ፍሬሙ ውስጥ የገባ ዝናብ መውጫ ሲያጣ ከመስታወቱ ግርጌ ይጠራቀማል፣ ማሸጊያውም ለወራት ከረጠበ በኋላ ከመስታወቱ መላቀቅ ይጀምራል።

የቦታ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ ይህን ከሻጮች ጥቂቶቹ ብቻ ያነሡታል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዝቅተኛ ቦታ ታሽጎ ወደ ደጋ የወጣ ጥንድ በውስጡ የያዘው ጋዝ ስለሚገፋው ሁለቱ መስታወቶች ወደ ውጭ ያብጣሉ፤ በላያቸው የሚታየው የሕንፃና የዛፍ ምስልም ይጣመማል። ማሸጊያውም ከተገጠመበት ቀን አንሥቶ እንደተወጠረ ይኖራል። ስለዚህ ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ሲያዝ በዚያው ከፍታ የታሸገ፣ ወይም ግፊቱ በቀጭን ቱቦ ከአካባቢው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ የተሠራ ጥንድ መጠየቁ ተገቢ ነው።

መስታወቱን በስቶ ስለማድረቅ

ጉም የገባበትን ጥንድ ጥግ ላይ በጥቃቅኑ በስቶ፣ በማጠቢያ ፈሳሽ አጥቦ፣ አድርቆና በቀዳዳው ላይ ትንሽ መተንፈሻ ገጥሞ መመለስ የሚቻልበት ዘዴ አለ። ከአዲስ ጥንድ ርካሽ ስለሆነም ይማርካል። በእኔ ግምት ግን ዋጋው ትንሽ የሆነው የሚሰጠውም ትንሽ ስለሆነ ነው። አርገን ከነበረ ወጥቷል፣ ተመልሶም አይሞላም፤ የጠገቡት ቅንጣቶች እዚያው ናቸው፤ የተከፈተው ማሸጊያም እንደተከፈተ ነው። ነጩ አሻራ ከታየ ደግሞ ማጠቡ አይመልሰውም። እይታውን ለጊዜው ማጥራት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይረዳ ይሆናል፤ ለሙቀት ግን የማይታመን ጥገና ነው። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ከሆነ ከነጭራሹ አይሞከርም፤ መሰርሰሪያው እንደነካው እንዳለ ተፈረካክሶ ይወርዳል።

የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች

ፍሬሙ ውስጥ ውኃ መግባቱ በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የፕላስቲክም ሆነ የአሉሚኒየም ፍሬም ሲነደፍ ጥቂት ዝናብ ከውጭው ጎማ አልፎ እንደሚገባ ታስቦ፣ ከታች በተቆረጡ ሞላላ ቀዳዳዎች ተመልሶ እንዲወጣ ተደርጓል። ቀዳዳዎቹ በውጭ በኩል በታችኛው ፍሬም ፊት ወይም ከሥሩ ይገኛሉ፤ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን የተሸፈኑም አሉ። አቧራ፣ የሞቱ ነፍሳት፣ የቀለም ቅሪትና የግንባታ ሲሚንቶ ሲደፍኗቸው ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በክፍሉ በኩል ይፈስሳል፣ ወይም መስታወቱ ግርጌ ተኝቶ ማሸጊያውን ያበላሻል።

መስኮቱን ከፍቶ በታችኛው ቦይ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ማፍሰስና በውጭ መውጣቱን ማየት በቂ ምርመራ ነው። ካልወጣ ወይም ተንጠባጥቦ ከቀረ፣ ቦዩን በብሩሽ ጠርጎ ቀዳዳዎቹን በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ መክፈትና ደግሞ ማፍሰስ ይገባል። ስለታም ሽቦ በኃይል መግፋት ፍሬሙን ከውስጥ ሊቀድደውና ውኃውን ወደ ግድግዳው ሊልከው ስለሚችል አይመከርም። ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን «ከዚህ ነው የሚገባው» ብሎ ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን መድፈን ነው። ይህን ያደረገ ሰው አንዱን ችግር ወደ ሦስት ያበዛዋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የዝናቡ ወራት ከመግባታቸው በፊት፣ ይህን ምርመራ ማድረግ የመስታወቱን ጥንድ ዕድሜ ለማራዘም በእጅ ያለው ርካሹ ዘዴ ነው።

ነፋስ ሲገባ

መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ ነፋስ ወይም ድምፅ የሚያስገባ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚገባበትን ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። አንድ ቅጠል ወረቀት በሚከፈተውና በማይከፈተው ፍሬም መካከል አድርጎ መስኮቱን መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ በዙሪያው በየሃያና ሠላሳ ሳንቲ ሜትሩ ሲደጋገም፣ ወረቀቱ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚወጣበት ቦታ ጎማው ያልተጨቆነበት ቦታ ነው። በነፋሻ ቀን የሚጨስ ነገር በጠርዙ ዙሪያ ቀስ አድርጎ ማዞርም ይረዳል፣ መጋረጃው ከተነሣ።

ወረቀቱ በእጀታው በኩል ብቻ የሚላላ ከሆነ ጉዳዩ የመቆለፊያው ነው። በሚከፈተው ፍሬም ጠርዝ ላይ እጀታው ሲዞር ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ትናንሽ ክብ ጉጦች ይታያሉ፤ ብዙዎቹ መሐል ለመሐል ሳይሆን በአንድ ወገን አጋድለው የተሠሩ በመሆናቸው፣ በባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ወይም በመፍቻ ሲዞሩ መስኮቱን ወደ ጎማው የበለጠ ይስቡታል። ሁሉንም በእኩል መጠን፣ ጥቂት በጥቂት እያዞሩ በየጊዜው በወረቀቱ መፈተሽ ይገባል። እጀታው ለመዝጋት ጉልበት መጠየቅ ከጀመረ ግን ከልክ አልፏል፤ መቆለፊያው ውስጥ ያለው ጥርስ የሚሰበረው በዚህ መንገድ ነው።

በማጠፊያው በኩል የሚላላ ከሆነ ማጠፊያው አርጅቷል ወይም ወርዷል። ወደ ጎን እንደ በር የሚከፈቱትና ወደ ውስጥ የሚጋደሉት መስኮቶች ማጠፊያቸው ላይ ከፍታውንና ወደ ጎን ያለውን ቦታ የሚያስተካክል ብሎን አላቸው፤ ብዙ ጊዜ በ4 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይሠራሉ። ወደ ውጭ የሚገፉት መስኮቶች ደግሞ በተደራራቢ የብረት ክንዶች ላይ ይንሸራተታሉ፤ መስኮቱ በነፋስ ብቻውን የሚወዛወዝ ከሆነ በክንዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ማጥበቂያ ብሎን ማጥበቅ ይበቃል፤ ክንዱ ከተጣመመ ወይም መንሸራተቻው ከተበላ ግን መለወጥ አለበት። ሲለወጥ ሁለቱም በአንድነት ይለወጣሉ፣ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆኑ መስኮቱን ያጣምሙታልና። አዲሱን ለመግዛት የአሮጌውን ርዝመትና ክንዶቹ ተጣጥፈው ሲደራረቡ የሚኖራቸውን ከፍታ መለካት ያስፈልጋል፤ ርዝመቱ ብቻ አይበቃም።

በሁሉም ዙሪያ የሚላላ ከሆነ ተጠያቂው ጎማው ነው። ጎማ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በተጨቆነበት ቅርጽ ይቀራል። የጎማ ቅርጾች በጣም ብዙ በመሆናቸው በዓይን ገምቶ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከአሮጌው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ይሻላል። አዲሱ ወደ ቦዩ ሲገባ ፈጽሞ ሊለጠጥ አይገባም። ተለጥጦ የገባ ጎማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ልኩ ተመልሶ ስለሚያጥር ጥጎቹ ይከፈታሉ፤ እንዲያውም በየጥጉ ትንሽ ትርፍ አስቀርቶ ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ ይመረጣል። የምግብ ዘይትም ሆነ የነዳጅ ተዋጽኦ የሆነ ቅባት ለጎማ አይሆንም፤ ሲሊኮን የሚረጭ ማለስለሻ ግን ይስማማዋል። ለብረቱ ክፍል ቀጭን የማሽን ዘይት ይበቃዋል።

እጀታው ብቻ ከላላ ወይም ከተሰበረ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው። ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ ክዳን ወደ ጎን ሲዞር ሁለት ብሎኖች ይገለጣሉ፤ አዲሱ እጀታ የብሎኖቹ ርቀትና የሚገባው አራት ማዕዘን ዘንግ ርዝመት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። እጀታው እየዞረ መስኮቱ የማይከፈት ከሆነ ግን የተሰበረው በፍሬሙ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ነው፤ ተዘግቶ የቀረን መስኮት ፍሬሙን ሳይጎዱ መክፈት ልምድ ስለሚጠይቅ ይህን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ጥንዱን መለወጥ

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ ምክንያቱም መስታወት ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወቶች ያሉት ጥንድ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ነው። ከዚያ የሚበልጠውን፣ እንዲሁም ከምድር ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ በውጭ በኩል የሚነቀለውን ማንኛውንም መስታወት ብቻን መሞከር ስሕተት ነው። የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ድፍን ጫማ ያስፈልጋሉ።

መስታወቱን በቦታው የያዙት በአራቱም ጎን በጫና የገቡ ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው፤ በአብዛኛው በክፍሉ በኩል ይገኛሉ። ከረጅሞቹ በአንዱ መሐል ላይ፣ ዘንጉ ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ ጠንካራና ሰፊ የስቱኮ መላጊያ አስገብቶ ወደ መስታወቱ አቅጣጫ ቀስ አድርጎ መፈልቀቅ ነው፤ መሐሉ ሲነሣ ጫፎቹ ራሳቸው ይለቃሉ። የላይኛው ዘንግ በመጨረሻ ይወጣል፣ መስታወቱ ሳይታሰብ ወደ ሰው እንዳይወድቅ። እያንዳንዱ ዘንግ ከየት እንደወጣ በጀርባው ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሚመሳሰሉ ቢመስሉም በአንድ ሚሊ ሜትር ይለያያሉ።

ለማዘዝ የሚወሰደው ልክ የመስታወቱ የራሱ እንጂ ከውጭ የሚታየው ክፍል አይደለም። ቁመቱና ወርዱ በሁለት በሁለት ቦታ ይለካል። ማውጣት ካልተቻለ ዘንጎቹን ብቻ አንሥቶ የፍሬሙን ውስጠኛ ልክ መለካትና ከየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል መቀነስ ይቻላል፤ መስታወት ፍሬሙን ሊነካ አይገባምና። ውፍረቱም እኩል ወሳኝ ነው፤ ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወትና 16 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ጥንድ በድምሩ 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በሌላ ውፍረት ከተተካም ዘንጎቹ አይገቡም ወይም አይዙትም። በአንዱ ጥግ ላይ የታተመ ትንሽ ምልክት ካለ በሙቀት የጠነከረ ወይም በመሐሉ ፕላስቲክ ያለው የደኅንነት መስታወት ሊሆን ስለሚችል፣ ምልክቱን እንዳለ መገልበጥና በዚያው ዓይነት መተካት ግዴታ ነው፤ በተለይ በበር ላይና ለወለል በቀረበ መስኮት ላይ። የጠነከረ መስታወት ከተሠራ በኋላ ስለማይቆረጥ በልኩ ላይ የሚፈጸም ስሕተት መታረሚያ የለውም።

አሮጌው ጥንድ ስሱ ሽፋን ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በጨለማ የክብሪት ወይም የላይተር ነበልባል ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ከጎን ሲመለከቱ አራት የነበልባል ምስሎች ይታያሉ፤ ለአራቱ ገጾች አንድ አንድ። ከአራቱ አንዱ በቀለሙ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ሽፋኑ በዚያ ገጽ ላይ አለ ማለት ነው። አዲሱ ጥንድ ሲገጠም ሽፋኑ በታዘዘበት ወገን መሆኑንም በዚሁ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሙቀትን ቤት ውስጥ ለማስቀረት ከሆነ ብዙ ጊዜ በውስጠኛው መስታወት ላይ፣ የፀሐይን ሙቀት ለመከላከል ከሆነ በውጭኛው መስታወት ላይ ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈውና ብዙ መዘዝ የሚያመጣው ነገር ይመጣል። ጥንዱ በፍሬሙ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ በትናንሽ የፕላስቲክ ድጋፎች ላይ ነው የሚያርፈው። ድጋፎቹ መስታወቱን ከግርጌው ውኃ ከፍ ያደርጉታል፣ ሁለቱንም መስታወቶች እኩል ይሸከማሉ፣ የውኃውንም መንገድ ክፍት ይተዋሉ። ለማይከፈት መስኮት ሁለት ድጋፎች ከታች በሁለቱ ጥጎች አቅራቢያ ይበቃሉ። ወደ ጎን ለሚከፈት መስኮት ግን ድጋፎቹ በሰያፍ ይቀመጣሉ፤ ዋናው በማጠፊያው በኩል ታችኛው ጥግ፣ ሌላው በተቃራኒው በእጀታው በኩል ላይኛው ጥግ። በዚህ ጊዜ መስታወቱ ራሱ የሚከፈተውን ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ ወጥሮ ስለሚይዘው በክብደቱ ወደ ታች አይዘምም። መስኮቱ ሲዘጋ ታችኛው ጥጉ ፍሬሙን እየተሻሸ ከሆነ፣ ማጠፊያ ከመለወጥ በፊት እነዚህን ድጋፎች አስተካክሎ ማየት ይገባል። ሰው ማጠፊያውን ሦስት ጊዜ ለውጦ ያልተሳካለት ሥራ በአንድ የፕላስቲክ ቁራጭ የሚፈታበት ጊዜ አለ።

አዲሱ ጥንድ ከታች ቀድሞ ገብቶ ወደ ላይ ከቆመ በኋላ ዙሪያው እኩል ክፍተት መኖሩ ይታያል፤ ከዚያ አጫጭሮቹ ዘንጎች፣ በመጨረሻም ረጃጅሞቹ ጫፋቸው ቀድሞ ገብቶ መሐላቸው በጎማ መዶሻ እየተመታ ይመለሳሉ። የእንጨት ፍሬም ከሆነ በተልባ ዘይት የተለወሰውን አሮጌ ስቱኮ ለድርብ መስታወት መጠቀም አይገባም፣ ዘይቱ የጠርዙን ማሸጊያ ይበላዋልና። ሲከፈት እንደ ሆምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም ያንኑ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ሽታ አልባውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

ስንጥቅና ጭረት

ስንጥቅ መንሥኤውን በቅርጹ ይናገራል። ከአንድ ነጥብ ወደ ብዙ አቅጣጫ የተበተነ ከሆነ በምት የመጣ ነው። ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ወደ መሐል እየተጠማዘዘ የሚሄድ አንድ መስመር ከሆነ ግን በሙቀት ልዩነት የተፈጠረ ነው፤ የመስታወቱ መሐል በፀሐይ ሲግል ጠርዙ በፍሬሙ ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ ይቀራል። ጥቁር የፀሐይ መከላከያ ፕላስቲክ በድርብ መስታወት ላይ መለጠፍ ይህን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ከመለጠፍ በፊት ፕላስቲኩ ለድርብ መስታወት የሚሆን መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ ጥንድ አይጠገንም፤ እስኪተካ ድረስ በሰፊ ግልጽ ፕላስተር መያዝ ብቻ ነው። ጥፍር የማይሰማው ስስ ጭረት በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄትና በለስላሳ መወልወያ ሊጠፋ ይችላል። ጥፍር የሚይዘውን ጭረት ለማጥፋት መታገል ግን በመስታወቱ ላይ ጎድጓዳ ፈጥሮ እይታውን የባሰ ያዛባዋል።

ፍሬሙና ግድግዳው

በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለው የውጭ መስመር ሲሰነጠቅ ውኃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ከመስኮቱ ሥር እንደ ሻገተ ነጠብጣብ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም መስኮቱ በሐሰት ይከሰሳል። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ አይጣበቅም፤ አሮጌው በስለት ተፍቆ፣ ቦታው ጸድቶና ደርቆ፣ ሰፊ ከሆነም መጀመሪያ በስፖንጅ ገመድ ተሞልቶ ነው የሚቀባው። በዚህ ጊዜም የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መስኮቱን እንዳለ መለወጥ የሚገባው ፍሬሙ ራሱ ሲያልቅ ነው። የእንጨት ፍሬም ታችኛው አግዳሚ በካቻቪቴ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ የሚሰጥ ከሆነ፣ የፕላስቲኩ ጥግ የተበየደበት መስመር ከተከፈተ፣ ወይም አሉሚኒየሙ ከተጣመመ ጥገናው ወጪውን አያካክስም። ለመፍረድ ግን መቸኮል አይገባም፤ በቅድሚያ የሚከፈተው ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ይለካል። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ መስታወቱ ወጥቶ ድጋፎቹ እንደገና ይቀመጡና ደግሞ ይለካል፤ ያኔም ልዩነቱ ካልጠፋ በዚያ ፍሬም ላይ አዲስ ጥንድ ማዘዝ ትርፉ ሌላ ስንጥቅ ነው።